የቨርሊን ክርን

"እጅጌው አጠረኝ" አለ ቨርሊን፣ ነጩን ቱታ ወደ ታች እየጎተተ።

"አቶ ስታኪ፣ እንዴት እንዳማረብዎት!" አለች ኬንድራ፣ የአዲሱን ሆቴል የማስታወቂያ ሥራ የያዘችው ልጅ። "ልክ እንደ ተወዳዳሪ ነጂ።"

"ነጂ አልነበርኩም። ሞተር ሞካሪ ነበርኩ። ሞካሪ ነጭ ለብሶ አያውቅም።"

"ለሆቴሉ የማስታወቂያ ፎቶ ብለን ነው።"

ከቤት ይዞት የመጣው የራሱ ሰማያዊ ቱታ ተጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ነው። ስንት ዓመት ቢታጠብም ዘይቱ አለቀቀም። ኬንድራ ገና ስታየው ነበር ሁለት ጣቷን ሰድዳ ወደ ጥግ የገፋችው።

ሴት ልጁ ጆሊን ከኋላው ሆና ኮሌታውን አስተካከለችለትና ቆንጠጥ አደረገችው። በሆቴሉ የወጥ ቤት ኃላፊ ሆና ከተቀጠረች ወር አልሞላትም። ጠዋት መኪና ውስጥ "አባዬ፣ ዛሬን ብቻ አፍህን ዝጋልኝ" ብላ አስምላዋለች።

ሆቴሉ ድሮ የብሬነማን ሞተር ፋብሪካ ነበር። ቨርሊን ጉልበቱንና ግማሽ ጆሮውን የጨረሰው በዚሁ በቀይ ጡብ ሕንፃ ውስጥ ነው። እሱ እሳት እስኪተፉ እያስጮኸ የሞከራቸው ሞተሮች በከተማው የግንቦት የመኪና ውድድር ስም አተረፉ። ስሙን ግን ነጂዎቹና መሐንዲሶቹ ተካፈሉት። ዘይት የነካው እጅ ሲያበላ ይወደዳል፤ ፎቶ ላይ ሲሆን ማንም አይፈልገውም።

አንድ ዓመት ሞተራቸው ውድድሩን ያሸነፈ ጊዜ ሠራተኛው በሙሉ ፎቶ ሊነሣ በር ላይ ወዳለው የድንጋይ ደረጃ ወጣ። ቨርሊን ቀድሞ መሐል ላይ ተቀመጠ። አለቃው መጣና "የመሞከሪያ ክፍል ሰዎች፣ ተነሡ! ደረጃውን በዘይት ታጨማልቁታላችሁ" አለ። ተነሣ። ዳር ሄዶ ሲቆም ካሜራው ቀኝ ክርኑን ብቻ ያዘው። ሟች ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ፎቶ እያሳየች "ይቺ የባሌ ክርን ናት፤ የተረፈውን እኔ አገባሁት" ትል ነበር። ቨርሊንም ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

እንግዳ መቀበያው ሲደርሱ ሎኒ ቲብስ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጠበቃቸው። ከሞተር መሞከሪያው ክፍል በሕይወት የቀሩት እሱና ቨርሊን ብቻ ናቸው።

"አንተ ሽማግሌ፣ ዳቦ ጋጋሪ መሰልክ እኮ!" አለና ለጌጥ ወደቆመችው የውድድር መኪና ዞረ። "ይቺን ደግሞ እያት፣ አረንጓዴ ቀብተዋታል!"

"የሆቴላችን ቀለም ነው" አለች ኬንድራ በኩራት።

"የኔ ልጅ፣ በዚህ ከተማ የውድድር ሰው አረንጓዴ መኪና ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ገደ ቢስ ነው። እኔ አረንጓዴ ካልሲ እንኳ አድርጌ አላውቅም።"

ቨርሊን አልሰማቸውም። ያ የድሮ ፎቶ ከወለል እስከ ጣሪያ አድጎ ግድግዳውን ሞልቶታል። ወደ ቀኙ ጠርዝ ሄደና ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው።

"ክርኔ የት ገባ?"

"ምን አሉኝ?"

"እዚህ ጋ ክርን ነበረ።"

ኬንድራ ትንሽ አሰበች። "እ... አዎ፣ ዳር ላይ የሆነ ነገር ነበረ። ፎቶውን ስላበላሸው ቆረጥነው።"

ሎኒ መሳቅ ጀምሮ የጓደኛውን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ቨርሊን የነጩን ቱታ ዚፕ ከላይ እስከ ታች ከፈተ። አውልቆም አረንጓዴዋ መኪና ላይ ጣለው። ሰማያዊውን በብብቱ ይዞት ከመጣው ፌስታል አውጥቶ ለበሰ።

"አባዬ! ምለህልኛል!"

ቨርሊን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አሁንስ መሐላውን ሊጠብቅ ነው። ወጣና ደረጃው መሐል፣ ድሮ አለቃው ያስነሣው ቦታ ላይ ተቀመጠ።

"አቶ ስታኪ፣ እባክዎ! ድንጋዩ ዛሬ ጠዋት ነው የታጠበው" አለች ኬንድራ ተከትላው።

ዝም።

"የሆቴሉ ባለሀብቶች መጡ እኮ! ለፎቶ የሚቆሙት እርስዎ ያሉበት ላይ ነው።"

ኬንድራ ጆሊን ወደቆመችበት በር ዞረች። "ጆሊን፣ አባትሽን አስነሺልኝ። አለበለዚያ ሥራሽን..."

አልጨረሰችውም፤ ግን ለሁሉም ገባቸው። የቨርሊን እጅ ሳያዘው ደረጃው መሐል ያለውን የመደገፊያ ብረት ጨበጠ። ለራሱ ቢሆን ሰማይ ቢደፋ አይነሣም ነበር። ለልጁ እንጀራ ግን ጉልበቱ መዘርጋት ጀመረ።

ጆሊን አባቷን አየችው። ሽርጧን አጠበቀች።

"እኔ የተቀጠርኩት ምግብ ላበስል ነው" አለች። "ሽማግሌ ማስነሣት ከፈለግሽ ሌላ ሰው ቅጠሪ። ሾርባዬ እያረረ ነው።"

ገብታ በሩን ዘጋችው።

"የአባቷ ልጅ!" አለ ሎኒ፣ በጎን በር ዞሮ ከደረጃው ሥር ደርሶ። "እኔንስ ማን ሊያወጣኝ ነው? ይኸው ዘንድሮም ዳር ቀረሁ!"

ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ባለሀብቶች ግራ ተጋብተው ቆመው ነበር። በኋላ ሎኒን ከነወንበሩ አንሥተው ቨርሊን አጠገብ አስቀመጡት። የአንደኛው እጅጌ የቨርሊንን ቱታ ታክኮ ዘይት ነካው።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከዓይኑ ላይ አወረደ። "ሰማያዊ የለበሱት አባት፣ ሌሎቹም እንዲገቡ ትንሽ ሰብሰብ ይበሉልኝ።"

ቨርሊን የጨበጠውን ብረት ለቀቀ። ሁለት እጆቹን ወገቡ ላይ አደረገና ክርኖቹን ግራና ቀኝ አንሰራፋቸው።