ለቶምቦላ የተመረጠው ድንጉላ

አባታቸው ሲሞት ለአትራክታና ከሚስቱ ጋር መጠጥ ቤት ለሚያስተዳድረው ታናሽ ወንድሟ ለኮልማን ያወረሳቸው አንዲት ባዝራ ነበረች። ቶምቦላ ትባላለች። በቲፐራሪ ሜዳዎች ሮጣ ያሸነፈች፣ ዘሯ የጠራ የእሽቅድምድም ፈረስ ናት፤ ግን የፊት እግሮቿ ወደ ውጭ ዘወር ይላሉ፣ ጠባይዋም እሳት ነው። ከአትራክታ በቀር ሰው ሲጠጋት ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ ትናከሳለች።

ጥር ላይ ድንጉላዎች ለባለባዝራዎች የሚታዩበት ሰሞን ደረሰና እህትና ወንድም በዝናብ ወደ ፈረስ ማርቢያው ሄዱ። ኮልማን መንገዱን ሙሉ የሚያወራው ስለ አንድ ፈረስ ብቻ ነበር።

«ላንተርን ነው እንጂ ሌላማ የለም! የሱ ውርንጭላ ገና እትብቱ ሳይደርቅ ገዢው በር ላይ ይሰለፋል።»

«መጀመሪያ ሲራመድ ልየው።»

«አንቺ ደግሞ! ለልጅሽ ባል የምትመርጪ ነው የምትመስይው።»

«ባልማ እግሩ ቢንሻፈፍ ምን ቸገረኝ፣ አላስሮጠው!»

ላንተርን ወጣ። ዳማ ነው፤ ጋማው ተበጥሯል፣ ገላው እንደተወለወለ መዳብ ያብለጨልጫል። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ያነሳው ጀመር። አትራክታ ግን ፈረሱን የያዘውን ባልደራስ «ወንድሜ፣ እስቲ ወደ እኔ አምጣና መልሰህ ውሰድልኝ» አለችውና ጎንበስ ብላ አየች። የፊት እግሮቹ ልክ እንደ ቶምቦላ ወደ ውጭ ይወረወራሉ።

«አየህ? ሁለት የተንሻፈፉ ተገናኝተው ቀጥ ያለ ሊወልዱ?»

«ኧረ ዝም በይ እትዬ! ይሄን መልክ እያየ ማን እግር ያያል?» አለና ኮልማን አንገቱን ሊዳብስ ተጠጋ። ላንተርን ጆሮውን ለጠፈና የኮልማንን አዲስ ካፖርት እጅጌ በጥርሱ ዘነጠለው። ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

«ጠባያቸውም አንድ ነው» አለች አትራክታ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች። «ከነዚህማ አዞ ነው የሚወለደው።»

በጓሮ በኩል ካለው ጋጣ ባርናቢ የሚባል ሌላ ድንጉላ አወጡላቸው። ጉራቻ፣ ጥቁር ፈረስ ነው፤ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ጀርባው አጭርና ጠንካራ። ሲራመድ እግሮቹ በክር የተለኩ ይመስላሉ። አትራክታ ጉልበቱን ስትዳብሰው ዓይኑን ከድኖ አንቀላፋ።

«ይሄ ፈረስ ነው ቁምሳጥን?» አለ ኮልማን የተቀደደ እጅጌውን አንጠልጥሎ።

ባልደራሱም ሳቀ። «እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልጆቹን ለጨረታ ብታወጡ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ዘግይተው ነው የሚበስሉት። መሮጥ ከጀመሩ ግን ዓመት ከዓመት ይሮጣሉ።»

አትራክታ ወደ ወንድሟ ዞረች። «እኔ መሸጥ አልፈልግም ኮልማን። አሳድጌ ማስሮጥ ነው የምፈልገው። አባባ ከቶምቦላ የተወለደ ሲሮጥ ሳያይ ሄደ።»

«እንሽጥ የምለው ለገንዘቡ መሰለሽ?» አለ ኮልማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወገብሽን እያመመሽ ብቻሽን በጭቃ ውስጥ ውርንጭላ ስትጎትቺ እንዳላይ ነው።»

አትራክታ ይህን ጨርሶ አላሰበችውም ነበር።

«ታዲያ መጥተህ አግዘኛ! መጠጥ ቤቱን እንደሆነ ሚስትህ ካንተ የበለጠ ታውቅበታለች።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ ሳቁ አምልጦት። ያንቀላፋውን ፈረስ ትከሻ መታ መታ አደረገ። «በል ቁምሳጥን፣ ተመርጠሃል።»

መጋቢት ላይ ቶምቦላን ወስደው አስጠቋት። እሷ በሩን በርግጫ ስትነርተው ባርናቢ ድርቆሹን እያኘከ እስክትበርድ ጠበቃት። በተከታዩ የካቲት ጎህ ሲቀድ ወለደች፤ ሴት ናት፣ ጉራቻ፣ ጭንቅላቷ ቁርጥ አባቷን። ኮልማን በፒጃማው ላይ ቦት ጫማ አጥልቆ እየሮጠ ደረሰ። ውርንጭላዋ ተንገዳግዳ ተነሳች፣ ወደቀች፣ ደግማ ተነሳችና ቆመች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው የፊት እግሮቿን አዩ። ቀጥ ያሉ ናቸው።

ኮልማን ስልኩን አውጥቶ ሚስቱን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። «ተነሺ! ሴት ናት! ቆማለች፣ ኧረ መጥባትም ጀመረች!» እያለ ሲጮህ፣ አትራክታ ድርቆሹ ላይ ተቀምጣ በሳቅ ፍርፍር ትል ነበር።