ከሀያት ቀድሜ የቃምኩት ዱቄት

መካነ ሰላም ላይ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ኢስታንቡል ላይ ግን እንግሊዝኛዬን የፈለገው ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ሀያት ያስከተለችኝ ደግሞ ለዚሁ ነበር። ልጇ ፊርደውስ ተማሪዬ ነበረች፤ ቱርክ ለትምህርት ሄዳ እዚያው አገባች። መውለጃዋ ሲቃረብ ሁለት ቲኬት ላከችና “እማ ከደሴ አልፋ አታውቅም፤ ቲቸር ሰብሌ ካልመጡ እንዳትነሳ” አለች።

ጉዟችን ከጅምሩ አላማረም። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ወረኢሉ ሳንደርስ ጎማው ፈነዳ፤ ትርፍ የተባለውም ጎማ ትንፋሽ አልነበረውም። ቀሪውን መንገድ በጭነት መኪና፣ በገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ጨረስነው። ኢስታንቡል ስንደርስ ደግሞ ቅቤውና በርበሬው ያለበት ሻንጣ አልመጣም። እኔ ግንባሬን ቋጥሬ ያገኘሁትን ሁሉ ረገምኩ።

“አብሽሪ ሰብልዬ” አለች ሀያት፣ በእጇ የያዘችውን ከረጢት ደረቷ ላይ አስጠግታ። “ዱቄቱ አለ። ሌላው ቢቀር ይቅር።”

ዱቄቱ ለገንፎ ነው፤ ገብሱን ራሷ ለቅማ፣ ቆልታ ያስፈጨችው። ፊርደውስ ቀኗ ሳይደርስ፣ እኛ ከመድረሳችን ከሁለት ቀን በፊት ወልዳ ነበር። ሕፃኑ ደህና ነው፤ እሷን ግን ብዙ ደም ፈሷታል። ባሏ ፋሩቅ አዲስ አበባ ሳለን ደውሎ የነገረን አንድ ነገር ነው፦ የቀመሰችው ሁሉ አይረጋላትም፤ “የእማን ገንፎ” ብቻ ትላለች። ሀያት ከዚያ ወዲህ ከረጢቱን ከእጇ አላወረደችም።

ጉምሩኩ ላይ አንድ ጢማም መኮንን ከረጢቱን ፈታና አሸተተ፤ ጓደኛውን ጠርቶም አስሸተተው። የማውቀውን እንግሊዝኛ ሁሉ አፈሰስኩለት። እሱ ስልኩን አወጣ፣ የሆነ ነገር ተናገረበትና መስታወቱን ወደ እኛ አዞረው። በአማርኛ ተጽፏል፦ “ምግብ ከሆነ ብሉት።”

ጉዳችን የፈላው እዚህ ላይ ነው። ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ የገጠሙበት ዓመት ነበር። ሀያት ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃም አትቀምስም። የእኔ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈታል፤ ግን ጾማችን በገጠመ ጊዜ ሁሉ እሷ ሳታፈጥር እህል ወደ አፌ አላስጠጋም። እሷም በሁዳዴ ግቢዋ ውስጥ ሥጋ አትጠብስም። ማን እንደጀመረው እንኳ አናስታውሰውም።

እናም ሁለታችንም እጃችንን አጣጥፈን ቆምን። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ እኔም ነቀነቅኩ። መኮንኑ ቅንድቡን አነሳ። ስልኩ እንደገና ጻፈ፦ “የራሳችሁን ምግብ አትበሉም። ወደ ምርመራ ይሄዳል። ሦስት ቀን።” ከዚያም ወረቀት ስቦ መሙላት ጀመረ።

ሦስት ቀን! ሀያት ፊቷ አመድ መሰለ። “መንገደኛ ነኝ፣ አላህ ፈቅዶልኛል” አለችና እጇን ወደ ዱቄቱ ሰደደች። በሕይወቷ፣ ታማ እንኳ፣ በገዛ እጇ ጾም አፍርሳ አታውቅም።

ያዝኳት። “አንቺማ አትነኪውም። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ ለመግሪብ ምን ቀረሽ!”

“ልጄስ?”

“የእኔ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። አንቺን ብዬ ነው የቆየሁት።”

አየችኝ። “እንግዲያ ቃሚው” አለች፣ “አፉ ብዬሻለሁ። በአላህ፣ ለልጄ ስትይ ቃሚው።”

እፍኝ ሙሉ ዘገንኩና ቃምኩት። እንዴት ያለ ደረቅ ዱቄት ነው! ወዲያው ትን አለኝ፤ ዱቄቱ በአፌም በአፍንጫዬም ወጥቶ የመኮንኑን ወረቀት አለበሰው። እንባዬም መጣ። ትኑ ነው እንዳልል፣ ትኑ ካለፈም በኋላ አልቆምልሽ አለኝ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኳትን ሴት ፊቷ ላይ ቆሜ በላሁባት።

መኮንኑ ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ። ሀያት በመስኮቱ ፀሐይዋን አሳየችውና “ረመዳን” አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመች፣ ወደ ራሷም ጠቆመች፣ ሁለት ጣቶቿን አጋጠመች። ሰውዬው ጣቶቿን አየ። ወረቀቱን ከነዱቄቱ አጣጥፎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። የኔ እንግሊዝኛ ያልቻለውን የሀያት ጣቶች ቻሉት፤ ቅር አላለኝም።

ከረጢቱን እየቋጠርን ሳለ ከመኮንኑ ስልክ አዛን ተሰማ። እንድንሄድ አልፈቀደም፤ ወንበር ሳበልን። ቴምር ቀረበ፣ ሾርባ ቀረበ፣ ወተት ውስጥ የራሰ ነጭ ጣፋጭም ቀረበ። ወተቱን አይቼ እጄን ሰበሰብኩ። ሀያት ወተቱንና እኔን እያሳየች፣ ጾም ለማለት “ሶም፣ ሶም” ስትል አንዲት ሴት ባልደረባው ከመሳቢያዋ ሀላዋ አወጣች፣ ከሰሊጥና ከስኳር የተሠራ። ሀያት አፈጠረችና ከሀላዋው ቆርሳ ወደ ራሷ አፍ አልወሰደችውም፤ እኔን አጎረሰችኝ። “አሁን አብረን በላን” አለች። ሀላዋ ደሴም በልቻለሁ፤ ይኼኛው ግን ምላሴ ላይ ሳላኝከው ፈረሰ፤ የዱቄቱንም ምረት አብሮ ወሰደው። ያችን ሴት ስሟን እንኳ አላወቅኩም፤ እግዜር ይስጣት።

ማታ ፊርደውስ አልጋ አጠገብ ነበርን። ቅቤ የለም፤ ሀያት ገንፎውን በወይራ ዘይት አቀረበችው። ልጅቷ እንደ ሰም ገርጥታለች። አንዴ ጎረሰችና ቆየች። ሁላችንም ጉሮሮዋን እናያለን። ረጋላት። ደገመች። ሦስተኛው ላይ ቀና አለችና፣

“ቲቸር፣ እርስዎስ አይበሉም?” አለችኝ።

“እኔማ ከእናትሽ ቀድሜ በልቻለሁ” አልኳት።

ሀያት ከመካነ ሰላም ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነባት። ፊርደውስ ምን እንደሆንን ሳትጠይቅ ሳህኑን እስከ ታች ጠረገችው።