ፓነሉ ነው፣ ጣለው

«በለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን? ኧረ በሥላሴ!»

የሕዝቅኤል አክስት ሰርክ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከድንኳኑ ሮጣ ገባች። ሕዝቅኤል ደንግጦ ድምፁን አጠፋው። የሳሙና ማስታወቂያው ዘፈን ግን ለቀስተኛው ጆሮ ደርሶ ነበር። አባቱ ጋሽ አባይነህ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«እኔ ነኝ እየው ያልኩት» አለች እናቱ ዘውድነሽ። «ዘመድ ከገጠር መጥቷል፣ የት ይደር? የሚጠገን ከሆነ ይቀመጥ፤ ካልሆነ ቆራሌው ይውሰደውና ቦታው ይለቀቅ።»

«ዛሬ?» አለች ሰርክ፤ እያጉተመተመች ወጣች።

ቴሌቪዥኑ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። ጋሽ አባይነህ ሲኤምሲ ዘበኛ ሆኖ የሚያድርበት ቪላ ባለቤቶች ቤት ሲቀይሩ «ተበላሽቷል፣ ከፈለግህ ውሰደው» አሉት። ነጻ ነገር ማን ይጠላል? እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ፈረንሳይ ሰፈር ቤቱ አደረሰው። ከዚያ መገናኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ለሚጠግነው ልጁ ለሕዝቅኤል ደወለ።

«ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም።»

«ፓነሉ ነው አባዬ፤ ጣለው። ለሱ ከምታወጣ አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል።»

ይኸው ነው። ምስል ሲጠፋ ፓነሉ፣ ማለት ምስሉን የሚያወጣው መስታወት፣ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ የሚያበሩት ትናንሽ አምፖሎች ብቻም ሊሆኑ ይችላሉ። ሳያይ በስልክ የሚፈርድ ሠሪ ወይ ውሸታም ነው ወይ ሥራ በዝቶበታል። ሕዝቅኤል ሥራ በዝቶበት ነበር። ለፋሲካ መጥቶ እንኳ ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጥቶ ዶሮውን በልቶ ሄደ። አባትየው ሁለተኛ አልጠየቀም፤ ሰው ማስቸገር ሞቱ ነበር።

አሁን ሕዝቅኤል ከልቡ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነትም ፓነሉ በሆነ።

«እማዬ፣ የአባዬ የእጅ ባትሪ የት አለ? መስታወቱ ላይ ላብራበት።»

ዘውድነሽ ከካፖርቱ ኪስ አውጥታ ሰጠችው። «እሱም በዚሁ ነበር የሚያየው» አለች።

«ምኑን?»

«ቴሌቪዥኑን ነዋ። ጠዋት ከጥበቃ ሲመለስ እዚህ መሬት ላይ ቁጭ ይልና ያበራበታል። አንዴ ውስጡ የሚያወራውን ሰው ፊት፣ አንዴ እጁን። ‹ዘውዴ፣ ነይ! ይታያል እኮ!› ይለኛል። እኔ ደግሞ አርጅቶ ነው ብዬ፣ የባትሪውን ድንጋይ ጨረስከው እያልኩ እቆጣዋለሁ።»

ሕዝቅኤል ባትሪውን አስጠግቶ አበራ። በክቧ ብርሃን ውስጥ አንዲት ሴት ደብዘዝ ብላ ታወራለች። ብርሃኑን ሲያንቀሳቅስ ልጅ ታቅፋ አያት። ምስል ካለ ፓነሉ ደህና ነው። ሌላ የከፋ ብልሽት ባገኝ ብሎ ጀርባውን ፈታው። ሁሉም ደህና ነበር፤ ከአምፖሎቹ በቀር። ባለፈው ሳምንት ብቻ እንዲህ ያለ ሦስት ሠርቷል።

«እና? ይጠገናል?»

ፓነሉ ነው ቢል ያበቃ ነበር። ቆራሌው ይወስደዋል፣ ማንም አያውቅም። የእጅ ባትሪውን አጠፋ።

«የግማሽ ቀን ሥራ ነው እማዬ። ሳላየው ነው ጣለው ያልኩት።»

እናቱ አይዞህ አላለችም።

«ጎረቤት ሌላ ሠሪ ላምጣ ብሎት ነበር» አለች። «እምቢ አለ። ‹ልጄ ባለሙያ ነው፤ ፓነሉ ነው ካለ ፓነሉ ነው› አለው።»

ሕዝቅኤል አንገቱን ደፋ። ያንን እምነት አሁን የት ወስዶ ይመልሰው?

«ልሥራው?» አለ።

«ለማን?»

ውጭ አዲስ ለቀስተኛ መጥቶ ጩኸቱ ተቀሰቀሰ። ሕዝቅኤል ወጥቶ መቆም ነበረበት፤ አልተነሣም። የጀርባውን ክዳን ገጠመና ብሎኖቹን መልሶ ለማሰር ሞከረ። የመጀመሪያው ብሎን ቀዳዳውን አልይዝ አለው። ወደቀ፤ አነሣው፤ ደግሞ ወደቀ።

ዘውድነሽ አጠገቡ ተንበረከከች። ብሎኑን ከመሬት አንሥታ ቀዳዳው ላይ በሁለት ጣቶቿ አቁማ ያዘችለት።