ጓሮ የሌላቸው ቤቶች

ራሊጻ ሰነፍ አይደለችም፤ ቆጣቢ ናት። ሰው በምስሉ ገብቶ በሚዘዋወርበት የኢንተርኔት ዓለም የተሰጣት ቦታ ከስድስት መቶ ቁራጭ በላይ አይሸከምም። ግድግዳም አንድ ቁራጭ ነው፣ የበር እጀታም አንድ ቁራጭ ነው። በዚህች ላይ ነው እንግዲህ ከስልሳ ዓመት በፊት ግድብ የዋጠውን የቡልጋሪያውን የዶልኖ ብሬስቶቮን መንደር ከነቤተ ክርስቲያኑ አቁሚ የተባለችው። ስለዚህ ዓይን አያርፍበትም ያለችውን ሁሉ ተወችው። ሠላሳዎቹም ቤቶች ፊት አላቸው፤ ጀርባ የላቸውም። ከፊታቸው ወዲያ መሬቱ ያልቅና ውሃ ይጀምራል።

"ጓሮ ማን ያያል?" ብላ ነበር።

ሥራውን ያዘዛትን ከንቲባ ግን ቁጠባ አልጎበኘውም። የአያቱ በረንዳ እያንዳንዱ ዘንግ ለብቻው ካልተሠራ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ፣ ቤቱ ብቻውን መቶ አርባ ቁራጭ በልቷል።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ ፕሎቭዲቭ ከተማ ባለው የተፈናቃዮች ማኅበር አዳራሽ፣ ሽማግሌዎቹ ኮምፒውተር ፊት ተደረደሩ። ከንቲባው በትልቁ ስክሪን፣ በምስሉ የአያቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ንግግሩን ጀመረ። ከራሊጻ አጠገብ የሰማንያ አንድ ዓመቱ ስታመን ተቀምጠዋል። ምራታቸው ጠዋት ራሊጻን ጥግ አስይዛ፣ "ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙ አታስደንግጧቸው ብሏል። በሕልማቸው ቤቱን ውሃ ሲሞላው እያዩ ነው የሚጮኹት" ብላታለች።

"ቤቴ! እሷው ናት!" አሉ ስታመን። የኪቦርዷን ቀስት ተጭነው በስክሪኑ ላይ ያለውን ምስላቸውን አራመዱት። በሩን አልፈውት ሄዱ።

"አጎቴ፣ በሩን እኮ አለፉት።"

"የቱን በር?"

"ይሄን ትልቁን።"

ወዲያ ማዶ የተቀመጡት ወይዘሮ ፔንካ በሳቅ ፈረሱ። "የከተማ ልጅ! በፊት ለፊት በር እኮ ሙሽራ ነው የሚገባው፣ ሬሳ ነው የሚወጣው። ስታመን፣ አንተ የትኛው ነህ?"

"ሙሽራስ ብሆን አንቺን አላገባ! ልጄ፣ እኛ የምንገባው በጓሮ ነው።"

ራሊጻ ርቀቱን በዓይኗ ለካች። እስከ ቤቱ ማዕዘን ሃያ እርምጃ ቢቀር ነው። ከማዕዘኑ ወዲያ ያ የሚያስጮኻቸው ውሃ አለ።

ግድግዳ ልታቆም ሞከረች። "ቦታው ሞልቷል" አላት ስክሪኑ። ደግማ ሞከረች። ሞልቷል። አሥራ አምስት እርምጃ።

"አጎቴ፣ ትንሽ ቢያርፉስ?"

"ስልሳ ዓመት አረፍኩ፤ ይበቃኛል።"

የሚፈርስ ነገር ፍለጋ ዓይኗ ተቅበዘበዘ። ቤተ ክርስቲያኑን? እግዜር ይጠብቃት። የሰው ቤት? ባለቤቶቹ ፊታቸውን ስክሪኑ ላይ ለጥፈው እያለቀሱ ነው። ያኔ በረንዳውን አየች። ዘንጎቹን ከነወለሉ መርጣ ሰረዘች። ከንቲባው "በጽኑ መሠረት ላይ" እንዳለ ቁልቁል ወርዶ ወይን ሐረግ ውስጥ ተሰነቀረ። ንግግሩን ግን አላቋረጠም።

"የጓሮ በሩ ምን ይመስል ነበር? ቶሎ ይንገሩኝ!"

"አረንጓዴ ነው። ዝቅ ያለ። በግራው የድንጋይ መቀመጫ አለ... ምን ያስቸኩልሻል?"

የጎን ግድግዳውን ቀድታ አዞረችው፣ ለጠጠችው። በሩን አረንጓዴ ቀባች። ድንጋዩን ወረወረች። በውሃው ላይ አንድ ሰፊ ቁራጭ አንጥፋ ጓሮ ነው አለችው። አምስት እርምጃ ሲቀር ውስጡ ወለል እንደሌለው ትዝ አላት፤ ልትጮኽ ምንም አልቀራት። የወለሉ የመጨረሻ ሳንቃ ቦታውን ሲይዝ የስታመን ምስል ማዕዘኑን ዞረ።

በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ጣታቸው ከቀስቷ ላይ ተነሣ። ራሊጻ ስክሪኑን ስታይ፣ በጓሮው ጠርዝ ላይ ያልሸፈነችው ውሃ በአውራ ጣት ስፋት ያብለጨልጫል።

"አጎቴ?"

ወይዘሮ ፔንካ እንኳ ሳቃቸውን ዋጡ። ስታመን ቀስ ብለው ከወንበራቸው ወደፊት ዘመም አሉ፣ ከዚያ እጥፍ አሉ። ራሊጻ ሞቱ ብላ ትከሻቸውን ጨመደደች።

"ልቀቂኝ እንጂ!" አሉ እንዳጎነበሱ፣ የጫማቸውን ክር እየፈቱ። "እናቴ የወለወለችው ወለል ላይ በጫማ ልግባ?"