ያልተቀጠፈው ጎመን

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሳር ብቻ ነበር። የአሳምነው ካሜራ ሳሩን ጨርሶ ወደ ቤቱ ዞረ፤ ነጭ ግድግዳ፣ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ፣ አጥር የሌለው ግቢ። ቀጥሎ የጎረቤት ቤት፣ ከዚያም የሌላ ጎረቤት፤ ሁሉም ከአንድ እናት የተወለዱ ይመስላሉ። መንገዱ ላይ ሰው የሚባል የለም። ሰገነት ሆላንድ፣ ስኪዳም ከተማ ያለው ፍላቷ ውስጥ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እናቷ ብቅ እስኪሉ ትጠብቃለች።

ወይዘሮ አበባይሽ አሜሪካ፣ ልጃቸው አሳምነው ዘንድ ከገቡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በስልክ የዚያን ሰፈር ሳር አምተው አይጠግቡም ነበር። «ላም የለ፣ በግ የለ፤ አጭደው ይጥሉታል!» ይሏት ነበር። በኋላ ልጃቸውን ነዝንዘው ከሳሩ ዳር ጎመን ተከሉ። ከየካቲት ወዲህ ግን ሰገነት በደወለች ቁጥር ወይ ተኝተዋል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል ትባላለች። ድምፃቸውን ብታጣ ፊታቸውን ልይ ብላ ወንድሟን በቪዲዮ ቅረጽልኝ አለችው። ካሴቱ ትናንት ሲደርስ ባሏ ወልደየስ «ነገ አብረን እናየዋለን» ብሎ አቆያት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከአልጋ የማይወርደው ወልደየስ ገና በማለዳው ለባብሶ ወንበር ሳሎን ይደረድራል። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ሰዎች ብቅ ይሉ ይሆናል» ብሎ ፊቱን አዞረ። እሷም መታገሥ አቅቷት ካሴቱን ከፈተችው።

ሰፈሩን ወደደችው። ውስጥ የተኛችው ጨቅላ ልጇ አድጋ እዚያ ሳር ላይ ስትድህ ታያት። ከዚያ ካሜራው ወደ ግቢው ጥግ ሄደና ቆመ።

ጎመኑ ከወገብ በላይ አድጎ ቢጫ አበባ አውጥቷል። ዙሪያው ያለው ሳር ግን አንድም ሳይቀር ታጭዷል።

«ሰጊ፣ ይቺን መንካት አቃተኝ» አለ የአሳምነው ድምፅ። ሌላም ሊል ነበር፤ ምስሉ ተቋረጠ።

እናቷ ጎመን እስኪያብብ የሚያዩ ሴት አልነበሩም። ለጋ ሳለ ቀጥፈው ለጎረቤት የሚያድሉ ነበሩ። ሰገነት ወራቱን ቆጠረች። የካቲት ላይ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከአራስ ቤት እስክትወጣ ሁሉም ደብቀዋታል። ወልደየስም ሦስት ወር ሙሉ አጠገቧ እየተኛ ደብቋታል።

ውጭ በረንዳው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደወሉ ተደወለ። ወልደየስ እጁን ወንበር ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ሰገነት ተነስታ ነጠላዋን አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«መጀመሪያ የልጅቷን በር ዝጋ» አለችው። «ከዚያ ክፈትላቸው።»