ቢጫው ቀሚስ

ባለቤቴ ሕዝቅያስ ለሥራ ናፖሊ ሲሄድ፣ «ስትመጪ እንደ ቱሪስት አንዞርም፤ እንደ ሰፈሩ ሰው ነው የምንኖረው» አለኝ። እኔ ሞኟ እዚሁ አሜሪካ፣ ደንዉዲ ሆኜ መለማመድ ጀመርኩ። የልብስ ማድረቂያውን ድራየር ተውኩና እንደ ናፖሊ ሰዎች በረንዳዬ ላይ ገመድ ወጠርኩ። ለብሼው የማድረውን ሸሚዙን ከቀሚሴ ጋር ጫፍ ለጫፍ ደርቤ በአንድ መቆንጠጫ አሰጣለሁ። የአፓርትመንቱ ማኔጅመንት በረንዳ ላይ ልብስ አይሰጣም ብሎ ዋርኒንግ ቢሰጠኝም ከመጤፍ አልቆጠርኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት በቪዲዮ ደወለና በመስኮቱ ሰፈሩን አሳየኝ። ከመስኮቱ ውጪ ባለው ገመድ ላይ ከአንዱ ሸሚዙ አጠገብ ቢጫ ቀሚስ ይወዛወዛል።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የጎረቤት ነዋ! እዚህ ገመድ የጋራ ነው።»

ላምነው ምንም አልቀረኝም። ግን ሸሚዙንና ቀሚሱን ደርቦ የያዛቸው አንድ መቆንጠጫ ነበር።

ማኔጅመንቱ ደስ ይበለው፤ ገመዴን በጠስኩት።