በልብሽ አመስግኚ

«ለመሆኑ የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር?» አሉ አጎቷ ይሻው፣ ከእብናት ገጠር ይዘውት የመጡትን ዱላ ጉልበታቸው መሃል አቁመው።

ጌጤ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። እናቷ እቴነሽ የተቀበረችው ትናንት ነው። «መረቀችኝ» አለች ቀስ ብላ። «ወደ ሥራ ስወጣ መረቀችኝ።»

«ታድለሽ!» አሉ ንፍሮ የሚያድሉት ሴትዮ። «እናቱን አጠገቡ አድርጎ የጦረ ሰው ምን ይጸጽተዋል?»

ሐዘንተኛ የሚያጽናና ሰው መቼም አይጠፋም። ጌጤን ግን ማጽናኛው ይወጋት ነበር፤ ውሸቷን ነዋ።

ደብረ ታቦር ከገባች ዓመት አልሞላትም። ከባሏ ተፋትታ፣ አንድ የስፌት መኪና ይዛ፣ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ኑሮን እንደ አዲስ ስትጀምር እናቷ «ብቻሽንማ አትሆኝም» ብላ ተከትላት መጣች። እቴነሽ ደግሞ ምስጋናዋን አፍና መያዝ የምትችል ሴት አልነበረችም። ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፍ ላይ ትቆምና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጀምራለች። «ጉልበቴ ስለታዘዘልኝ ተመስገን። ልጄ ትናንት አንድ ቀሚስ ጨርሳለችና ተመስገን። ጣሪያው ስላላፈሰሰ ተመስገን።» ያፈሰሰ ዕለትም «በአንድ በኩል ብቻ ስላፈሰሰ ተመስገን» ትላለች። ጌጤ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ትስቅ ነበር።

አንድ ማለዳ ግን «ልጄን ከዚያ ተደባዳቢ እጅ በሕይወት ስላወጣህልኝ ተመስገን» ስትል ጌጤ ከአልጋዋ ዘላ ወረደች። ለግቢው ሰው የተናገረችው ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል ብላ ነው።

«እማዬ፣ በእግዜር! ግቢው ሁሉ ይሰማል እኮ። በልብሽ አመስግኚ።»

«እሱ በይፋ ላደረገልኝ እኔ በሹክሹክታ?»

«ሰው ይስቅብኛል አልኩሽ!»

እቴነሽ ልጇን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋደም እንዳለች ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ያለ ድምፅ ታመሰግን ጀመር። ጌጤም እፎይ አለች።

የሞተች ዕለትም እንደዚያው ሆና አየቻት። ጸሎቷን እንዳታቋርጥባት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ኮቴዋን ሳታሰማ ወደ ሥራዋ ወጣች። ለምሳ ስትመለስ እናቷ እንደተከናነበች ነበረች። እጇ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

እንደ ድሮው ጮክ ብላ ታመሰግን ቢሆን ኖሮ፣ ያን ዕለት ዝም ስትል ደንግጣ ትገልጣትና በሕይወት ትደርስባት ነበር። ጌጤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ደኅና» ትላለች እንጂ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት አልሆንልሽ አላት። ከእናቷ አፍ የነጠቀችውን ቃል በምን አፏ ትበለው?

አጎቷ በመጡ ማግስት ሠልስት ነበር። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የሚኖሩት ጨርቅ ነጋዴዋ ዘይነብ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ለገበያ አንበሳሜ ሄደው ቀብሩ አምልጧቸዋል።

«ድምፅዋ ሲጠፋብኝ አገሯ የገባች መስሎኝ ነበር» አሉ። «እኔ እኮ ቀኔን የምጀምረው የእሷን ተመስገን ሰምቼ ነው። ልጄን በሕይወት አወጣህልኝ ያለች ዕለት አጥሩ ሥር ቆሜ አብሬያት አለቀስኩ።»

«ሰምተው ነበር እትዬ?»

«ሁላችንም ሰምተናል። እሰይ ነው ያልነው።»

ጌጤ ወደ አጎቷ ዞረች። «አልመረቀችኝም፣ አጎቴ። ዋሽቼዎት ነው። አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ስወጣ ጠጋ ብዬ እንኳ አላየኋትም።»

ይሻው ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙ። ንፍሮ አዳይዋም ባሉበት ቆመው ቀሩ።

በዚህ መሃል ከወንዛዬ የመጡ አንዲት ዘመድ፣ የሆነውን ሳያውቁ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። «እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጄ?»

ጌጤ ብድግ አለች። «እናት ስለሰጠኝ ይመስገን!» አለች ጮክ ብላ፤ ድምፅዋ ከድንኳኑ አልፎ ወጣ። «ከባሌ ተፋትቼም በሕይወት ስላለሁ ይመስገን!» ብላ ሦስተኛውን ልትጨምር ስትል ለቅሶ ቀደማት።

ሙሾ የጀመረች የመሰላቸው ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ለማሰር ተነሡ። ዘይነብ ግን ከተቀመጡበት ሳይነሡ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ።